ነቃሁ ብዬ ማልሁ

ጥር ወር ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ፣ በአሥራ ሁለት ሰዎች የእሁድ እቁብ ፊት አንድ ወጣት ያልከፈለውን ገንዘብ ከፍያለሁ ብሎ ማለ። ዋሾ አልነበረም። ብሮቹን በጣቱ ቆጥሮ ሰጥቷል፤ የቆርቆሮ በሩ ሲከፈት ሰምቷል፤ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ በስሙ ፊት ምልክት ሲያደርግ በዓይኑ አይቷል። ይህ ሁሉ የሆነው ግን በውኑ ሳይሆን በሕልሙ ነው።

እኔም ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነኝ። ሥራዬ የሥነ ልቦና ትምህርት ማስተማር በመሆኑ፣ ነገሩ ከተጣራ በኋላ ልጁ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ ወዲህ ለአራት ወራት ያህል ሕልሞቹን አብረን መዘገብን። የሚከተለው በእርሱ ፈቃድ የተጻፈ ነው፤ ስሙን ብቻ ትቼዋለሁ።

እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ

ልጁ 26 ዓመቱ ነው። የጽሕፈት መሣሪያ በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። እቁባችን በሳምንት 1,000 ብር ሲሆን፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በእቁቡ ዳኛ ቤት እንሰበሰባለን። ዳኛችን ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። ጸሐፊያችን ደግሞ ሦስት ልጆች የሚያሳድግ ልብስ ሰፊ ነው።

በዚያ እሁድ ስም ሲጠራ ልጁ «እኔ ማለዳ ቤቱ ድረስ ወስጄ ሰጥቼዋለሁ» አለ። ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ «አልሰጠኸኝም ወንድሜ» ሲል መለሰ። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎን ሳቅን።

«እንዴት አልሰጠሁህም? አምስት ባለ 200 ብር ነው የሰጠሁህ። አንዱ ጥጉ የተቀደደ ነው። የቆርቆሮ በርህን ከፍተህ፣ ነጠላህን እንዳጣፋህ ቆመህ፣ ‹ቅዳሴ ሳንሄድ ነው የመጣኸው› አላልኸኝም?»

ዝርዝሩን ስንሰማ የሁላችንም ዓይን ወደ ጸሐፊው ዞረ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል። ሰው ነገሩን እስከ ብሩ ጥግ ድረስ ሲያወራ እናምነዋለን፤ «አላየሁም» ከማለት በቀር የሚናገረው የሌለውን ግን እንጠረጥረዋለን።

እትዬ «ተው ልጄ፣ ለብር ብለህ መሐላ ውስጥ አትግባ፤ ቀስ ብለን እንፈልገዋለን» አሉት። አልሰማቸውም። ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን አዙሮ ማለ። ጸሐፊው አልማለም። ከራሱ ኪስ 1,000 ብር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ጋቢውን ደርቦ ወጣ።

ሰኞ ማለዳ ልጁ ለጸሎት ዳዊቱን ከማኅደሩ ሲስብ አምስት ባለ 200 ብሮች አብረው ወጡ። አንዱ ጥጉ የተቀደደ ነበር።

ማክሰኞ ማታ ልጁ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ጸሐፊው ቤት ሄደ፤ እትዬና እኔ ከኋላው ነበርን። በደለኛ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ መሸከሙ የአባቶች ወግ መሆኑን አውቃለሁ፤ በከተማ መንገድ፣ በመብራት ሥር ሲሆን ግን ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር። ጸሐፊው በመስከረም ወር ቤት ቀይሮ ስለነበር መንገዱን የመራን አንድ የሰፈር ልጅ ነው። ደጃፉ ስንደርስ ልጁ ድንጋዩን እንደተሸከመ ቆሞ ቀረ። ይቅር በለኝ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ «በሩ እንጨት ነው» አለ።

እውነትም እንጨት ነበር። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የእንጨት በር።

ጸሐፊው የሚሰፋውን ጨርቅ በእጁ እንደያዘ ወጣ። አየው። ምንም ሳይናገር ጨርቁን በክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣለትና መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ «ግባ፣ ብርድ ነው» አለው። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ የጥር ማታዋ ያንቀጠቅጣል፤ ልጁ ግን የሚንቀጠቀጠው በብርዱ ብቻ አልነበረም። የመሐላውን ነገር ለነፍስ አባቱ ወስዶታል፤ ያ በእነርሱ መካከል ነው።

ወደ እኔ የመጣው በማግስቱ ነው። ጥያቄው አንድ ነበር። «መምህር፣ እኔ ሕልም መሆኑን እያወቅሁ የማልም ሰው ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ሕልምን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ታዲያ እኔን እንዴት ሕልም አታለለኝ?»

ዘንጉ የጠፋበት ሌሊት

ልጁ በ9 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ደብረ ኤልያስ አካባቢ ቅኔ ቤት ገባ። የጎጃም ሰው ይህን ሕይወት ያውቀዋል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ምግብ መለመን አለ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ውሻው ነው። ተማሪ ያለ ዘንግ ከጎጆው አይወጣም። ልጁም በቀን ያሳደደው ውሻ ሌሊት በሕልሙ ይመለስበት ነበር፤ እየጮኸ ይነቃል።

12 ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ሌሊት ውሻው እንደ ወትሮው መጣ። የዚያን ሌሊት ነገር በራሱ ቃል ልጻፈው፦ «ዘንጌን ላነሣ እጄን ሰነዘርሁ፤ ባዶ ነው። እኔ ያለ ዘንግ ወጥቼ አላውቅም። እንግዲያው ይህ ሕልም ነው አልሁ።»

አልሸሸም፤ አልነቃምም። መንገዱ ላይ ቁጭ አለ። ውሻው ደርሶ ጉልበቱ አጠገብ ቆመ። ትንፋሹ ይሞቅ ነበር። የረጠበ ጠጉሩ ይሸት ነበር። በግራ ጆሮው ሥር መዥገር ተጣብቆ አየ፤ እግሮቹ ሲንቀሳቀሱ ጭምር። ሕልም መሆኑን ማወቁ ከዚያ መዥገር አንዲት እግር አላደበዘዘበትም።

ይህን ያልቀመሰ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሕልም መሆኑ ከታወቀ ነገሩ ሁሉ እንደ ጢስ የሚሳሳ፣ በሐሳብ እንደሚሣል ሥዕል የሚሆን ይመስለናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ልጁ ግን ስለ ሕልሙ ሲናገር «አየሁ» እንጂ «አሰብሁ» ብሎ አያውቅም። የቃሉ ምርጫ ትክክል መሆኑን የሚያሳይ ምርመራም አለ።

በ1953 (እዚህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተኛ ሰው ዓይኖች ከሽፋናቸው ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት የእንቅልፍ ክፍል እንዳለ አስታወቁ። ደማቅ ሕልም በብዛት የሚታየው በዚህ ክፍል ነው። በዚያን ጊዜ የሰውነት ጡንቻ ይታሰራል፤ ባይታሰር ኖሮ ሕልማችንን በአልጋችን ላይ በእጅ በእግራችን እንሠራው ነበር። (አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ ጡንቻው ገና እንደታሰረ ሲቆይ፣ አገራችን ዱካክ ተጫነኝ የሚለው እርሱ ነው። ልጁንም ሁለት ጊዜ ተጭኖታል።) ዓይን ግን አይታሰርም። በ1975 በእንግሊዝ አገር በሃል ዩኒቨርሲቲ ኪት ሄርን የተባለ ተመራማሪ በዚህ ቀዳዳ ገባ። አለን ዎርስሊ የተባለ ሰው ሕልም መሆኑን እንዳወቀ ዓይኑን ግራና ቀኝ በተቀጣጠሩት ልክ እንዲያንቀሳቅስ አስማማው፤ ዎርስሊም ተኝቶ እያለ ምልክቱን ላከ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስቲቨን ላበርዥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ለብቻው አረጋገጠ።

ልጁን የሚመለከተው ግን ላበርዥ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ2018 ያሳተመው ነው። አሁኑኑ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ ቀስ ብላችሁ ክብ ሣሉ፤ ዓይናችሁ ጣቱን ያለ ማቋረጥ እየተንሸራተተ ይከተላል። ቀጥሎ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ያንኑ ክብ በሐሳባችሁ ብቻ ሣሉ፤ አሁን ዓይናችሁ አይንሸራተትም፣ እየዘለለ ይሄዳል። ሕልም መሆኑን እያወቁ የሚያልሙ ሰዎች በሕልማቸው ጣታቸውን ሲከተሉ ዓይናቸው እንደ ነቃ ሰው ተንሸራተተ። የሕልሙ ጣት ለአእምሮ የሚታይ ነገር ነው፤ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ልጁ ይህን ስነግረው ብዙ ዝም ካለ በኋላ «መዥገሩን አይቸዋለሁ አላልሁዎትም?» አለኝ።

ማስታወሻው

ሕልሙ ከውኑ ጋር ሲተያይ ምን ያህል እውነት እንደሚመስል ከአሥር ቁጥር እንዲሰጥ ስጠይቀው እምቢ አለ። ስሜቶቹ እኩል አይደሉምና ልክ ነበር። ስለዚህ አንድ በአንድ ሄድን።

ብርሃኑ ከውን ይበልጣል ይላል። ማለዳ ዝናብ ካባራ በኋላ የጮቄ ተራራ ጥርት ብሎ እንደሚታየው ነው፤ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ድምፅም ከውን አያንስም። ጣዕም ይሳሳል፤ ቆሎ ሲቆረጥም ጥርሱ ላይ ይሰማዋል፣ ምላሱ ላይ ግን የለም። ስለ መዳሰስ የነገረኝ ነው ብዙ ያሳሰበኝ። ሆን ብሎ እጁን ምንጭ ውስጥ እንዲነክር ተስማምተን ነበርና በሦስተኛው ሙከራው ተሳካለት። «ይቀዘቅዛል፤ አይደነዝዝም» አለ። በውን እጁን ምንጭ ውስጥ ያቆየ ሰው ቅዝቃዜው ወደ ሕመም፣ ሕመሙ ወደ መደንዘዝ ይሻገርበታል። በሕልሙ ግን የመጀመሪያው ቅጽበት ብቻ ይደጋገማል። ውኃው እጁን ነካው እንጂ ምንም አላደረገውም።

ጊዜውንም ለካን። በሕልሙ ውስጥ ከአንድ እስከ ሠላሳ ሲቆጥር ፍጥነቱ እንደ ውኑ ይመስለዋል፤ ቅኔ ቤቱ ድረስ ያለችውን አጭር ዳገት መውጣት ግን ይረዝምበታል። ይህን ከራሱ አፍ ስሰማ ደስ አለኝ፤ ዳንኤል ኤርላኸርና ሚካኤል ሽሬድል በዓይን ምልክት እየለኩ ያገኙት ከዚህ ጋር ይገጥማል። በሕልም ውስጥ መቁጠር በውን የሚወስደውን ያህል ጊዜ ሲወስድ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣትን የመሰለ የአካል እንቅስቃሴ ግን ከውኑ ረዘም ያለ ጊዜ ወስዷል።

ንባብ ላይ ሕልሙ ይሸነፋል። ልጁ በቅኔ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወይም በብራና ላይ ያለ ጽሑፍ ያነባል፤ ዓይኑን ዞር አድርጎ ሲመለስ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ «ሰላም» የሚለው ቃል ተመልሶ ሲያየው «ሰላሳ» ሆኖ ጠበቀው። ይህ በእርሱ ብቻ የታየ አይደለም፤ እያወቁ ለማለም የሚለማመዱ ሰዎች ሕልምን ከውን ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው መፈተኛዎች አንዱ ነው።

የቅኔው ነገር ከሁሉ ይበልጥብኛል። በየካቲት መጨረሻ ሕልም መሆኑን እያወቀ የኔታ ፊት ቀረበና ጉባኤ ቃና ነገረ። ጉባኤ ቃና ከቅኔ ዓይነቶች አጭሩ፣ ሁለት ስንኝ ብቻ ስለሆነ በአእምሮ ይዞ ለመንቃት ይመቻል። የኔታ በሕልሙ «ይበል! ይበል!» አሉት። በሕይወቱ ከቆጠራቸው (ከደረሳቸው) ቅኔዎች ሁሉ የበለጠ መሰለው፤ እያለቀሰ ነቃ፤ በጨለማ እየዳበሰ ጻፈው። ሲነጋ አየው። ቤቱ ይመታል። ዜማው ልክ ነው። ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለት ሐሳቡን የሚዘጋው ቃል፣ ግን በግስ ውስጥ የለም። እንደዚያ ያለ የግእዝ ቃል ማንም አያውቅም።

ለፋሲካ ወደ አገሩ ሲሄድ ወረቀቱን ይዞ የኔታ ዘንድ ቀረበ። የነበረውን እንዳለ ነገረኝ።

«የኔታ፣ ይህን በሕልሜ ነው የቆጠርሁት።»

«ማን ይበል አለህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ የኔታ።»

የኔታ ቃሉን ደጋግመው አሉት፤ ወደ ፊት አረቡት፣ ወደ ኋላ አረቡት። «እኔ ይህን አላስተማርሁህም፤ እኔም አላውቀው። አንተ ያላወቅኸውን የሕልምህ የኔታ ከየት አምጥቶ ያርምህ?»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጽሐፍ አላገኘሁም። የሕልሙ የኔታ ፊታቸው፣ ሳላቸው፣ የመቋሚያቸው ድምፅ የውኑ የኔታ ነው። ሊሠሩት ያልቻሉት አንድ ሥራ ቢኖር ልጁ የማያውቀውን ማወቅ ነው። ጸሐፊው ቤት የነበረው በርም እንደዚሁ ነው። ልጁ አዲሱን ቤት አይቶ አያውቅም ነበርና ሕልሙ ካለው አምጥቶ የቆርቆሮ በር ገጠመለት። ከፈተው፣ ድምፁን ሰማ፣ ብርዱን በመዳፉ ዳሰሰ። ሰማያዊውን የእንጨት በር ሊያመጣለት የሚችለው ግን ውን ብቻ ነበር።

ያታለለው የቱ ነው?

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ያንን ሌሊት ደጋግመን ከመረመርን በኋላ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሆኖ ወጣ።

ልጁ ከዚያ እሁድ በፊት ለሦስት ሳምንታት ሕልሞቹን ለማብዛት ይጥር ነበር። ከስልኩ ላይ ባነበበው ዘዴ መሠረት ከምሽቱ 4 ሰዓት ይተኛል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በስልክ ደወል ይነሣል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ነቅቶ ከቆየ በኋላ «ሳልም ማለሜን አውቃለሁ» እያለ ተመልሶ ይተኛል። ዘዴው የሚሠራ ነው። የሕልም እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፣ ወደ ንጋት በተጠጋ ቁጥርም ይረዝማል፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት የተኛ ሰው በቀጥታ ወደ ረጅሙ ሕልም ይገባል። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፉን ከመካከሉ ሰብሮታል። በዚያ ሰሞን ሱቅ ውስጥ መልስ እየተሳሳተ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል።

በዚያ ንጋት ቅኔ ቤቱን አለመ። ሕልም መሆኑን አወቀ። ጥቂት ከተመላለሰ በኋላ የእቁብ ቀን መሆኑ ትዝ አለውና «ይበቃኛል፣ ልንቃ» አለ። ነቃም። አልጋው፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ ጥግ ላይ ያለው ጀሪካን፣ ሁሉም በቦታው ነው። ታጠበ፤ አማተበ፤ ብሩን ይዞ ወጣ፤ ከፈለ፤ ተመልሶ ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም አለ። ከዚያ ሁለተኛ ነቃ። ሕልሙ ያለቀው ልክ እውነተኛው ሰውነቱ ባለበት በአልጋው ላይ ስለነበር መገጣጠሚያው አልታየውም። የተቀደደውን ብርም ከውኑ ነበር ያመጣው፤ ማታ ቆጥሮ ማኅደሩ ውስጥ ሲከተው አይቶታል።

የመጀመሪያው መንቃት ሐሰተኛ መንቃት ነው፤ እያወቁ በሚያልሙ ሰዎች ላይ አዘውትሮ ይደርሳል። እኔ ከዚህ ጉዳይ የተማርሁት እዚህ ላይ ነው። ልጁ ሕልም መሆኑን እያወቀ ያየው ሁሉ፣ ውሻውም ምንጩም የኔታም፣ የፈለገውን ያህል ውን ቢመስል አንድ ጊዜ እንኳ አላሳሳተውም። ያሳሳተው ያወቀው ሕልም ሳይሆን ከሕልም ወጥቻለሁ ብሎ ያመነበት ሩብ ሰዓት ነው። ሥዕሉ በሁለቱም አንድ ነበር። የተለየው ፍርዱ ነው። «ይህ ሕልም ይሆን?» የሚለው ጥያቄ፣ አንድ ጊዜ ተመልሷል ብሎ ስላመነ፣ ተዘጋ።

በሙኒክ የማክስ ፕላንክ የሥነ አእምሮ ተቋም ተመራማሪዎች በ2012 ያሳተሙት የአንጎል ምስል ለዚህ መልክ ይሰጠዋል። በተራ ሕልም ጊዜ ራሳችንን የምንታዘብባቸው የፊተኛው የአንጎል ክፍሎች ሥራቸው ዝቅ ይላል፤ አላሚው ሕልም መሆኑን ባወቀ ጊዜ ግን ከእነዚህ አንዳንዶቹ ተመልሰው ይበረታሉ። ልጁ ላይ የሆነው ታዛቢው መጥቶ መሄዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲሄድ ደግሞ የሚያሰናብት ድምፅ የለውም።

ይህ ሕመም ነው ወይ ብለው የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። አይደለም። በ2016 የታተመ የ50 ዓመት ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ ከሰዎች 55 በመቶ ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ እያወቁ እንዳለሙ ይገምታል። ነገር ግን በውናቸው የሌለ ድምፅ የሚሰማቸው ወይም የሌለ ነገር የሚያዩ ሰዎች ይህን ልምምድ እንዲጀምሩ አልመክርም። እንቅልፍ እየሰበሩ ሕልም መሰብሰብንም ማንም እንዲያደርገው አልመክርም።

አሁን

ደወሉን አጠፋ። ሕልሙ አልቆመም፤ በወር ሁለቴ ያህል በራሱ ይመጣል፣ ያም ይበቃኛል ይላል። ከማንኛውም እንቅልፍ ሲነሣ፣ የቀን ሸለብታም ቢሆን፣ አፉን ዘግቶ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይይዝና ለመተንፈስ ይሞክራል። በውን ትንፋሹ ይታፈናል፤ በሕልም አፍንጫው ተይዞም አየሩ ይገባል። በሚያዝያ አንድ ንጋት በዚህ መንገድ ሐሰተኛ መንቃቱን ያዘው፤ ልብሱን ለብሶ ሱቅ ሊከፍት መንገድ ጀምሮ ነበር።

ጸሐፊው ለአሥራ ሁለታችንም በየሳምንቱ የተፈረመ ወረቀት መስጠት ጀምሯል። ለልጁ ብቻ ቢሰጥ እንደ ነቀፌታ ይቆጠርበታል ብሎ ነው ለሁላችንም ያደረገው። እሁድ እሁድ ልጁ የራሱን ወረቀት ተቀብሎ ያነበዋል፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ ተመልሶ እንደገና ያነበዋል፤ ከዚያ አጥፎ ማኅደሩ ውስጥ ይከተዋል።